የተቃጠለው አልጋ ልብስ

የሆቴሉ ገንዘብ ያዥ በኋለኛው ደረጃ ግርጌ፣ ባዶ የጠርሙስ ሳጥኖች መሃል፣ አንገቱ ተቀጭቶ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ዕቃ አጣቢ ጩኸቷን ስታቀልጠው ወጥ ቤቱ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ግን ግርግሩ በርዷል። ሁሉም ወደየሥራው ተመልሶ፣ አንሶላ የተከመረበት ጋሪ በሬሳው አጠገብ እየተንቋቋ ያልፋል።

«ሰው ሞቶ አንሶላ ታመላልሳላችሁ?» አለች።

«እንግዶች አሉብን፤» አላት ባለሆቴሉ። ሱፉ ላይ አንድ መስመር ያልተጨማደደ፣ ለመቆጣት ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያስፈልገው ሰው ነው። «ደግሞ ምን የሚመረመር ነገር አለ? ገዳዩን ዘበኞቼ ይዘውላችኋል። እሱን ውሰዱና ደረጃዬን ላሳጥብበት።»

ኢንስፔክተሯ ከመጀመሪያው ቃል ጠላችው። አጎንብሳ የሟቹን እጅ አየች። የቀኝ እጁ ጣቶች የጨበጡትን አልለቀቁም። በመሃላቸው የተበጠሱ ነጭ ክሮች ተሰክተዋል። የለበሰው ሸሚዝ ሰማያዊ ነው።

«ሳጅን፣ እነዚህን ክሮች ለብቻ ያዝልኝ።»

«ሆቴል ውስጥ ነጭ ክር መች ይጠፋል?» አለ ባለሆቴሉ።

«እርስዎን አላነጋገርኩም።»

ሰዓቱን ማወቅ አላስቸገረም። ወጥ ቤት ኃላፊው ከዳቦ አቅራቢው ጋር ቆሞ ሲፈራረም ነው ደረጃው ላይ የሆነ ነገር ጓ ብሎ የወደቀው። የዳቦው ደረሰኝ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ይላል። በሩን ከፍቶ ለማየት እንኳ አልሄደም ነበር፤ ሳጥን ተንዶ መስሎት።

ተይዟል የተባለው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ዘበኞቹ አንገቱን አንቀው የጎተቱት ከሆቴሉ ፊት ለፊት ካለው አውቶቡስ መጠበቂያ ነው። የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰዋል፣ ከንፈሩ አብጧል። ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ወስዳ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ሰው ገድለህ አውቶቡስ ትጠብቃለህ?»

«አውቶቡስ አልጠበቅኩም። እሱን ነው ስጠብቅ የነበረው።»

«ማንን?»

«ገንዘብ ያዡን። ተሳድቤያለሁ፣ ጠረጴዛውን ደብድቤያለሁ፣ አልክድም። ሲያስወጡኝ ግን ጠጋ ብሎ ‹ውጭ ጠብቀኝ፣ አስተካክልልሃለሁ› አለኝ።»

«ይህን የሰማ ሌላ ሰው አለ?»

«በጆሮዬ ነው ያለኝ እኮ!»

«‹አንገትህን ነው የምቀነጥሰው› ስትለው ግን ሆቴሉ በሙሉ ሰምቶሃል። ሰውየው የሞተው ደግሞ አንገቱ ተቀንጥሶ ነው። ምን በይ ነው የምትለኝ?»

አስተማሪው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ የተቀረውን አንድም ሳያስቀር ዘረገፈው። ባለቤቱ የልብ ሕመምተኛ ናት። ለምርመራ መጥተው እዚያ ሆቴል አረፉ፤ ሲወጡ ሒሳባቸውን ዘግተው፣ ተመሰጋግነው ተለያዩ። እሷ ሆስፒታል ገባች። ዛሬ ጠዋት የቀዶ ሕክምናዋን ሊከፍል ካርዱን ቢሰጥ ካርዱ እንቢ አለ። ለካ ሆቴሉ እነሱ ከወጡ በኋላ፣ አልጋ ልብስ በሲጋራ አቃጥላችኋል ብሎ ከካርዱ ላይ ገንዘብ መንትፎታል።

«እኔ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም! እሷ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት ናት፣ አጠገቧ ማን ያጨሳል?»

«እና ተናደድክ።»

«አዎ ተናደድኩ! ቀዶ ሕክምናው ነገ ጠዋት ነው። ዛሬ ካልከፈልኩ፣ ካልፈረምኩ ተራዋን ለሌላ ይሰጡባታል። ሐኪሙ ‹ይህ ልብ ብዙ አይጠብቅም› ብሎኛል። እባክዎ፣ አንድ ስልክ ልደውልላት። የት እንዳለሁ አታውቅም።»

ኢንስፔክተሯ እንዲህ ያለ ልመና ስትሰማ ኖራለች፤ እናት የማትሞትበት፣ ሚስት የማትታመምበት እስረኛ አይታ አታውቅም። «እናሳውቅልሃለን፤» አለችና ወጣች። ሳጅኑን ልትነግረው አስባም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ጉዳይ ጠለፋትና ሳትነግረው ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሆቴሉ ተመለሱ። የሟቹ ቢሮ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ያለች፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። ሳጅኑ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ፊቱ ተለወጠ።

«ኢንስፔክተር፣ ይህን ይዩት። ለአስተማሪው የተወሰደበትን ለመመለስ ሁሉንም ሞልቷል። የቀረው ‹ላክ› የሚለውን መንካት ብቻ ነው።»

«አስገድዶት ነዋ!» አለ ባለሆቴሉ ከበሩ ላይ። «ጉሮሮውን አንቆ አስሞላው፣ ከዚያ ገደለው።»

«መልሶ የሚሰጠውን ሰው ሳይልክለት ገደለው? ምን ዓይነት ሞኝ ቢሆን ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለመሆኑ እንግዳ ከወጣ በኋላ ከካርዱ ላይ የምታነሱት በምን ሥልጣን ነው?»

ባለሆቴሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል አንድ ወረቀት መዞ አቀበላት። እንግዶች ሲገቡ የሚፈርሙት ነው። ከታች፣ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል፣ «ለሚገኘው ጉዳት ካርዴ ላይ እንዲታሰብ ፈቅጃለሁ» ይላል።

«ፈርመዋል፤» አለ።

«ለጠፋ ፎጣ ፈርመዋል። ከማንሳታችሁ በፊት ለእንግዳው ማሳወቅ፣ ጉዳቱን ማሳየት፣ የሚለውን መስማት ግዴታችሁ ነው። አሳውቃችሁት ነበር?»

«ፎቶ አለን፤» አለና ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ። «ጓንት! ና እስቲ።»

ጓንት የሚሉት የመኝታ ክፍሎቹን ኃላፊ ነው። ነጭ ጓንቱን አድርጎ የበር ጫፍና የአልጋ ራስጌ በጣቱ እየዳሰሰ አቧራ ሲፈልግ ስለሚውል ነው ስሙ የወጣለት። ቀጭን፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ የላገ፣ ሲናገር አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ሰው ነው፤ የክፍል አጽጂዎቹ ግን ሲያዩት ግድግዳ ይጠጋሉ።

ስልኩን አውጥቶ አሳያት። በአስተማሪው ክፍል አልጋ ላይ የተነጠፈ ነጭ አልጋ ልብስ፣ ጫፉ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው። መሃሉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀዳዳ፤ አንዱ ተለቅ ያለ፣ ሁለቱ ከሥሩ ተጠጋግተው።

«ዛሬ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?» አለችው።

«ሥራ ላይ፣ ኢንስፔክተር። አምስተኛ ፎቅ፣ ክፍል አምስት መቶ ሰባት። ያቺም እንግዳ ጉድ ሠርታን ሄዳለች። ይኸው ፎቶው፣ ሰዓቱም ተጽፎበታል።»

እውነትም ተጽፎበታል፤ አራት ሰዓት ተኩል፣ ሳያዛንፍ። የክፍሉ ቁጥር ከአልጋው ራስጌ በላይ ይታያል። ከደረጃው ግርጌ እስከ አምስተኛ ፎቅ በአንድ ጊዜ መገኘት ለማንም አይቻልም። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ልትመልስለት እጇን ዘርግታ ነበር፤ ሳጅኑ ክንዷን ነካ አደረጋት።

«ቀዳዳዎቹን ይዩ።»

ሦስት ጥቁር ቀዳዳ። አንዱ ተለቅ ያለ፣ ሁለቱ ከሥሩ ተጠጋግተው። አንዱ አልጋ ልብስ ነው፤ በሁለት ክፍል፣ በሁለት እንግዳ ስም ተቃጥሏል።

ጓንትን ያን ዕለት አልለቀቀችውም፤ አስተማሪውንም ገዳዩ እስኪለይ አቆየችው። በማግስቱ ጠዋት ከፊቷ ስታስቀምጠው ጓንቶቹን አውልቆ፣ አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አኑሯቸው ነበር። ይክዳል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«ያዙኝ። አዎ፣ አንድ አልጋ ልብስ ነው። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። እንግዳው ወጥቶ ሒሳቡ ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ አነጥፈዋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ አጣጥፌ መጋዘን እመልሰዋለሁ። ገንዘብ ያዡ ከካርዱ ያነሳል። ለሁለት ነው።»

«ባለሆቴሉስ?»

«ጌታዬ አይጠይቁም። ጉዳት ለምን በዛ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ደስ ነው የሚላቸው።»

«ሰዎቹ መብት የላቸውም ብለህ ነው?»

«መብትማ አላቸው። ባንካቸው ሄደው ‹እኔ አላጠፋሁም› ቢሉ ማስረጃ አምጡ የምንባለው እኛ ነን። መብት አላቸው፣ ጊዜ ነው የሌላቸው። አንዱ አውሮፕላን ይሳፈራል፣ አንዱ ሠርግ አለበት፣ አንዱ ታማሚ ይዟል። ማን ለአልጋ ልብስ ይመላለሳል?»

ኢንስፔክተሯ እጇን በላት፤ አንዴ በጥፊ ብታቀምሰው አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር። እሱ ግን ገና አልጨረሰም።

«እንግዲህ አጭበርባሪ ነኝ፣ ጻፉት፣ እፈርማለሁ። ነፍሰ ገዳይ ግን አይደለሁም። ሰውየው ሲወድቅ እኔ አምስተኛ ፎቅ ላይ እያጭበረበርኩ ነበር።»

ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ ተከትሏት ወጣ። «በራሱ ላይ መሰከረኮ። ሰው ባልሠራው ወንጀል ራሱን አያስርም።»

«ባነሰው ራሱን ያስራል፤» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ግን የያዘችው ነገር አልነበራትም። ማጭበርበሩን እንኳ በወጉ ላስረው ብላ ከሳሽ ፍለጋ የክፍል አምስት መቶ ሰባትን እንግዳ ስልክ ቁጥር ከሆቴሉ አስመጣች። ያነሳችው ሴት ጨርቅ ነጋዴ ናት። ድምፅዋ ስልኩን ከጆሮ ያርቃል።

«ፖሊስ? ተመስገን! የት ብዬ ልጩኽ እያልኩ ነበር። ትናንት ገና ከመውጣቴ መቀበያ ያሉት ከካርዴ አነሱብኝኮ! ‹አልጋ ልብስ አቃጥለሻል› ይሉኛል፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው!»

«ለዚሁ ነው የደወልኩት፣ እህቴ። ትናንት ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ለቀቁ?»

«ሒሳቤን የዘጋሁት በቁርስ ሰዓት ነው። ኋላ ወረፋ ይበዛል ብለው ነው ያዋከቡኝ። ክፍሉ ግን እስከ ስድስት ሰዓት የኔ አይደለም እንዴ? ከፍዬበት! ተመልሼ ወጣሁና ተኛሁ። ወገቤን ያመኛል እኔ።»

ኢንስፔክተሯ ከወንበሯ ተነሳች። «የት ተኙ?»

«የት እተኛለሁ? አልጋው ላይ ነዋ! እዚያው ተቃጥሏል የሚሉት አልጋ ላይ! እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ንቅንቅ አላልኩም። እንዲያውም በመሃል ሻይ አስመጥቻለሁ። አስተናጋጁ ቀስቅሶኝ፣ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፣ ‹ገና አልሄዱም እንዴ?› ብሎ ደነገጠ። ‹አልሞትኩም፣ አስቀምጠው› አልኩት።»

«ክፍሉ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አልገባም?»

«ተኝቼ? የኔ እህት፣ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አሁን የምትመረምሪው የሱን ሬሳ ነበር!»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን አስቀመጠች። የሆቴሉ ሰዎች ሥራ ተገለጠላት። ለእነሱ ሒሳቡን የዘጋ እንግዳ በሕይወት የለም፤ ደረሰኙ ሲወጣ ሰውየውም አብሮ ይወጣል። ጓንት መቀበያው ላይ ዝርዝሩን አይቶ፣ አምስት መቶ ሰባት ተዘግቷል፣ ባዶ ነው ብሎ ደመደመ። አልጋው ውስጥ አንዲት ወገቧን የሚያማት ሴት ትኖራለች ብሎ አላሰበም። ኢንስፔክተሯ ራሷስ? ትናንት ያንን ፎቶ ባየችበት ቅጽበት መደወል ትችል ነበር። ሄዳለች ሲባል እሷም ሄዳለች ብላ ተቀበለች። ንዴቷ አሁን በጓንት፣ በባለሆቴሉና በራሷ ላይ ለሦስት ተከፈለ፤ ትልቁን ድርሻ ራሷ ወሰደችው።

ሻዩን ያደረሰው አስተናጋጅ ቃሉን ሰጠ። ሳጅኑ ደግሞ የአንሶላ መጋዘኑን አስከፍቶ አልጋ ልብሱን ይዞ መጣ። ጓንት አልጣለውም፤ እንደ ደንቡ አጣጥፎ ከታችኛው መደርደሪያ አስቀምጦታል። አንድ ጠርዙ ላይ ዘርፉ ተገንጥሏል።

ጓንት እንደገና ሲቀርብ ያው ፈገግታው ፊቱ ላይ ነበር።

«አራት ሰዓት ተኩል ላይ አምስት መቶ ሰባት ውስጥ ነበርክ።»

«ፈርሜበታለሁ እኮ።»

«አልጋ ልብሱ አልጋው ላይ ተነጥፎ።»

«ፎቶው ላይ እያዩት ነው።»

«ሰው አልነበረም?»

«ማን ይኖራል? ሴትየዋ በቁርስ ሰዓት ሒሳቧን ዘግታለች።»

«ዘግታ ተመልሳ ተኝታለች። ያን ጊዜ ሻይ እየጠጣች ነበር፤ ሻዩን ያመጣላት የራስህ ሆቴል ሰው ነው።»

ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። ኢንስፔክተሯ አልጋ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና በተገነጠለው ጠርዝ አጠገብ ከሟቹ እጅ የወጡትን ክሮች አኖረች።

«ፎቶው ላይ ዘርፉ ሙሉ ነው። አሁን ተገንጥሏል፣ ግንጣዩ ደግሞ ሬሳ እጅ ውስጥ ነው የተገኘው። ገንዘብ ያዡ ሲወድቅ ይህ ጨርቅ ደረጃው ላይ ነበር፤ አልጋው ላይ አልነበረም። ፎቶውን ያነሳኸው መቼ ነው?»

ጓንት የተገነጠለውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፈው። «ሴትየዋ ሳትገባበት፤» አለ በመጨረሻ። «ሲወጡ ነው ያልኩት ውሸት ነው፤ ክፍሉ ባዶ ሳለ አስቀድሜ ነው። የስልኩን ሰዓት መቀየር እናውቅበታለን፤ ሁልጊዜ እንግዳው የሚወጣበት ሰዓት ላይ አድርገን ነው የምናነሳው። ገንዘብ ያዡ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሰዓቱን አራት ሰዓት ተኩል ላይ አድርጌ ፎቶውን እንደ አዲስ አስቀመጥኩት።»

«ለምን ገደልከው?»

«ልብ አወጣዋ!» ብሎ ጮኸ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ቀና አደረገ። «ያ አስተማሪ መጥቶ ‹ሚስቴ ልትሞት ነው› ሲለው ልቡ ራደ። መጋዘን ድረስ መጣና አልጋ ልብሱን ጎትቶ ‹የሰውየውን እመልሳለሁ፣ ይህንንም አቃጥዬ እገላገላለሁ› አለኝ። ለአንዱ ከተመለሰ ሁሉም ይመጣል! አምጣ አልኩት፣ እንቢ አለ፣ ደረጃው ላይ ተጓተትን። ጨርቁ ቀረልኝ፣ እሱ ወደቀ። ልገድለው አልነበረም።»

«ወድቆ ስታየው ምን አደረግክ?»

ጓንት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልጋ ልብሱን ማጣጠፉን መደርደሪያው ነግሯታል።

ባለሆቴሉ የአስተማሪውን እንዲመልስ ስታዘው «ሥርዓት አለን፣ ማመልከቻ ያስገባ» አላት። የወንጀል ሥፍራ ነው ብላ የፊት በሩን ላሽግ ስትለው ግን ሥርዓቱ ወዲያው ተገኘ። ባንኩ ደግሞ ካርዱ ላይ እስኪገባ ቀናት ይፈጃል አለ። መውሰዱ ቅጽበት ነበር።

የእስር ክፍሉን በር ራሷ ከፈተች። አስተማሪው ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል።

«ነጻ ነህ። ገዳዩ ተይዟል።»

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

ነገረችው። ረፋዱ አልፎ ነበር። ቀና ብሎ አያት፤ እርስዎ ማለቱ ቀርቷል። «ለባለቤቴ ነግረሻታል?»

ኢንስፔክተሯ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። «መኪና አለ፣ ላድርስህ፤» ብቻ አለች።

ሆስፒታል ደረሱ። የአስተማሪው ባለቤት ክፍሏ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ልብሷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን ዘግታ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ባሏን ስታይ አልጮኸችም፤ ያበጠ ከንፈሩን በጣቷ ነካችው።

«ጠዋት መጥተው ነበር፤» አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ክፍያ የለም፣ ፊርማ የለም አሉኝ። ተራዬን ለሌላ ሰጡት። ትቶኝ የሄደ መስሏቸው አዘኑልኝ።» ከዚያ ኢንስፔክተሯን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ምን አድርጎ ነው?»

«ምንም፤» አለች ኢንስፔክተሯ። «ምንም አላደረገም።»

«ታዲያ አንድ ስልክ አጣችሁለት?»

ኢንስፔክተሯ አንድ እርምጃ ቀረበች። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች።

«እሱን ተይው፤» አለች ሴትየዋ። «ይቅርታሽ ደም ስሬ ውስጥ አይገባም። መታወቂያ አለሽ፣ ድምፅ አለሽ፣ ትናንት በሱ ላይ የጮኽሽበት። ወይ ሐኪሙን አምጪልኝ፣ ወይ ከፊቴ ዞር በይ።»

ኢንስፔክተሯ መታወቂያዋን ከኪሷ አወጣችና በኮሪደሩ ላይ እየሮጠች ሐኪሙን ፍለጋ ሄደች።